የዳውድ ቀለበቶች፦ የጁሙዓ ማስታወሻ



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ! ስልካችሁ ላይ ቪዲዮ ስታገላብጡ ይህችን አይታችሁ ይሆናል። አንድ ወጣት ሽቦ በብረት ዘንግ ላይ እየጠመጠመ እንደ ስፕሪንግ ያደርገዋል። ከዚያ በአንድ በኩል ሸንቅጦ ይቆርጠውና ብዙ ትናንሽ ቀለበቶች ይበተናሉ። በሁለት ፒንሳ ቀለበቱን ከፈት ያደርጋል፣ ከሌሎች አራት ቀለበቶች ጋር ያያይዛል፣ ይዘጋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ... ከወራት በኋላ በትከሻው ላይ የሚንጠለጠል የብረት ሸሚዝ ለብሶ ይቆማል።

አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ሰዎች የጥንቱን ዘመን ልብስ ለብሰው የሚገናኙበት የሬኔሳንስ ፌስቲቫል የሚባል ዝግጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተጀምሮ ነው የተስፋፋው። ያ ወጣት ያን ሁሉ የሚለፋው ለዚያ ቀን አለባበስ ነው። ለአንድ ሸሚዝ እንደ ቀለበቱ መጠን ከ10 ሺህ እስከ 30 ሺህ ቀለበት ያስፈልጋል። ክብደቱ 10 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። በሰዓት 200 ቀለበት የሚያያይዝ ሰው 20 ሺህ ለመጨረስ 100 ሰዓት ይቀመጣል ማለት ነው።

ዛሬ ስለ ፌስቲቫሉ ላወራችሁ አይደለም። ስለ ቀለበቶቹ ነው። ይህ የብረት ሸሚዝ በእኛ ቋንቋ ጥሩር ይባላል፤ በዐረብኛ ዲርዕ። ጥሩር ደግሞ ቁርኣን ውስጥ አለ። ሠሪውም ተጠቅሷል። ሠሪው ተራ ሰው አልነበረም፤ ንጉሥም ነቢይም ነበሩ።

*ብረት የለዘበላቸው ነቢይ*

ሱረቱ ሰበእ አንቀጽ 10ን እና 11ን ዛሬ ገልጣችሁ አንብቡ። አላህ (ሱ.ወ) ለዳውድ (ዐ.ሰ) ከራሱ የሆነ ችሮታ እንደ ሰጣቸው ይነግረናል። ተራሮችና አእዋፍ ከእርሳቸው ጋር ያወድሱ ነበር። ብረትም ለእጃቸው ለዘበ። ከዚያ በኋላ ምን ተባሉ? ቤተ መንግሥት ገንቡ አልተባሉም። ሙሉ የሆኑ ጥሩሮችን እንዲሠሩ፣ የቀለበቶቹን አያያዝ እንዲመጥኑ፣ መልካም ሥራም እንዲሠሩ ታዘዙ። አላህ የሚሠሩትን ሁሉ እንደሚያይም ተነገራቸው። ሱረቱል አንቢያ አንቀጽ 80 ላይ ደግሞ ይህን ሙያ ያስተማራቸው አላህ ራሱ እንደሆነና ዓላማውም ሰዎችን በጦርነት ከጉዳት መጠበቅ እንደሆነ እናገኛለን። አንቀጹ የሚዘጋው በጥያቄ ነው፤ ታመሰግናላችሁን? የሚል መልእክት ባለው ጥያቄ።

ልብ በሉ። አላህ ለነቢዩ ያስተማረው የሚወጋ ሳይሆን የሚከላከል ነገር ነው። ጥሩር ማንንም አይገድልም። የለበሰውን ሰው በሕይወት ወደ ልጆቹ ይመልሳል። ደም በበዛበትና እናቶች ልጆቻቸው በደህና እንዲገቡ ዱዓ በሚያደርጉበት በዚህ ጊዜ፣ ይህን ነጥብ ዝም ብለን አንለፈው።

ቀታዳ የተባሉት ታላቅ የተፍሲር ሰው እንደገለጹት ጥሩርን በቀለበት መሥራት የጀመሩት ዳውድ (ዐ.ሰ) ናቸው። ከዚያ በፊት የነበረው ዝርግ የብረት ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳ ይከብዳል፤ እንደ ልብም አያንቀሳቅስም። ቀለበት ግን ብረት ሆኖ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል።

ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማንም ሰው ከእጁ ሥራ ካገኘው የተሻለ ምግብ በልቶ እንደማያውቅ ነግረውናል። ምሳሌ አድርገው የጠሩት ማንን ነው? ዳውድን (ዐ.ሰ)። ግምጃ ቤት ያላቸውን ንጉሥ! መብላት ቢፈልጉ የሚከለክላቸው አልነበረም። ግን ከእጃቸው ላብ በሉ። ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጺ እንደነበሩ ተነግሮናል። አንድ ነቢይ በብረት፣ አንድ ነቢይ በእንጨት።

*ሚስማሩ ሲቀጥንና ሲወፍር*

በአያው ውስጥ "ሰርድ" የሚል ቃል አለ። መድረሳ ስንቀራ ኡስታዞቻችን የጥሩር ቀለበቶችን በተርታ እያያያዙ መሥራት ማለት ነው ብለው ይፈቱልን ነበር። ሙጃሂድና ሌሎች ሙፈሲሮች ደግሞ መመጠን የተባለውን በጣም በሚገርም ዝርዝር ያብራሩታል። ቀለበቱን የሚዘጋው ሚስማር በጣም ከቀጠነ በቀዳዳው ውስጥ ይንቀጫቀጫል። በጣም ከወፈረ ቀለበቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ በልኩ አድርገው ማለት ነው።

ዩኒቨርሲቲ ስንገባ የምህንድስና ተማሪዎች "ቶለራንስ" ሲሉ እንሰማለን፤ አንድ ዕቃ ከልኩ ምን ያህል ቢያልፍ ወይም ቢያንስ ይሠራል የሚለውን ስሌት። ሱብሓነላህ! በቁርኣን ውስጥ አላህ አንድን ነቢይ ስለ ልክ እያዘዘ ነው። ዲን የሚሰገደው ሶላት ብቻ ነው፣ ሥራ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው የሚል ሰው ይህን አያ ምን ያደርገዋል?

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር ልንገራችሁ። ለፌስቲቫል የሚሠራው ጥሩር ብዙውን ጊዜ የቀለበቱ ሁለት ጫፎች እንዲገጥሙ ብቻ ተደርጎ በፒንሳ ይዘጋል። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፣ ያብረቀርቃል። ነገር ግን የጦር ጫፍ ቢያርፍበት ቀለበቱ ይከፈታል። የጥንቶቹ ጦር ሜዳ የሚገቡበት ጥሩር ግን እንዲህ አልነበረም። የቀለበቱ ጫፎች በመዶሻ ይጠፈጠፋሉ፣ ይደራረባሉ፣ ይበሳሉ፣ ከዚያ ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ሚስማር ገብቶ ይቀጠቀጣል። በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ!

ሁለቱን ጎን ለጎን ብትሰቅሏቸው ላያስታውቅ ይችላል። የሚለያቸው የፈተና ቀን ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ አንተ/አንቺ የትኛውን ነው የምትሠሩት? በኩረጃ የመጣ ዲግሪ ጫፉ ብቻ የተገጠመ ቀለበት ነው። ሥራ ላይ የመጀመሪያው ምት ሲያርፍበት ይከፈታል። ሲሚንቶ ቀንሶ ግድግዳ ያቆመ ግንበኛ፣ ፌሮ ሰርቆ ኮለን የሞላ፣ ሳያነብ የፈረመ የቢሮ ሠራተኛ፣ ሰው ሲያየው ሶላቱን የሚያስረዝም ብቻውን ሲሆን የሚያጣድፍ ሰው፣ ሁሉም የሚያብረቀርቅ ግን ሚስማር የሌለው ጥሩር ለብሰዋል። ኢኽላስ ሚስማሩ ነው። ማንም አያየውም፤ አላህ ግን ያየዋል። አያው በዚያ ማለቁ ያለ ምክንያት አይደለም።

*ጭስ የሞላበት ቤት*

አሁን ወደ ልባችን የሚጠጋውን ጉዳይ እናንሳ።

በእኛ በደጋው አገር፣ በፋርጣም በሉት በጎንደር ዙሪያ፣ የብረት ሙያ ያለው ሰው ምን እየተባለ እንደኖረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ቡዳ። ገበሬው ማረሻው ሲዶለድም ወደ እሱ ይሄዳል። ማጭዱንም ዶማውንም ምሳሩንም የሚያገኘው ከእሱ ነው። ያ ማረሻ ባይኖር ከጉና ሥር ገብስም ድንችም አይበቅልም። ማታ ግን ያው ገበሬ ልጆቹን ሰብስቦ ከቀጥቃጩ ቤት እንዳትበሉ ይላቸዋል። ልጁን ለልጁ አይድርለትም።

ይህ የአንድ ሃይማኖት ሰው ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ በጁሙዓ ቀን አላነሳውም ነበር። እኛ ሙስሊሞቹም እናደርገዋለን። የሚገርመው ደግሞ እኛው ራሳችን በእጅ ሥራችን ስንናቅ የኖርን ሕዝቦች መሆናችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ አጼ ዮሐንስ ዘመን ጎንደር ላይ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። በደጋው ርስት ስላልነበራቸው አያቶቻችን በንግድና በሽመና ነው ልጅ ያሳደጉት። የአገሩን ጋቢና ኩታ ሸምነው ሲያለብሱ "ቁጢት በጣሽ" የሚል ስድብ ነበር ምላሹ። ታዲያ በሽመናው የተሰደበ ሰው ልጅ በብረቱ ሌላውን ሲሳደብ ምን ይባላል?

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ሠሪውንም ሸማኔውንም የጠቀሰ አዋጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ ግን አሁንም በአንዳንድ ቤት አለ። አዋጅ አፍ ይዘጋ ይሆናል፤ ልብ የሚያክመው ግን ኢማን ነው።

እስቲ ወደ መዲና እንሂድ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲወለድ እንዲያጠባ የሰጡት ለማን ቤት ነው? ለኡሙ ሰይፍ። ባለቤቷ አቡ ሰይፍ ደግሞ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። አነስ (ረ.ዐ) እንደሚያወሩት ነቢያችን ልጃቸውን ለማየት ሲሄዱ አቡ ሰይፍ ወናፉን እየነፋ ነበር፤ ቤቱ በጭስ ተሞልቷል። አነስ ፈጠን ብለው ቀድመው ገቡና የአላህ መልእክተኛ መጥተዋልና አቁም አሉት። አቆመ። ነቢያችንም ልጁን አስመጥተው አቀፉት። በሌላ ዘገባ እንደሚነገረው ጭሱ እያለ ይገቡ ነበር፤ ልጁን አንስተው ይስሙትና ይመለሱ ነበር።

ይህ ሐዲስ ሲነበብ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ነቢያችን ርኅራኄ ብቻ ነው። እርሱም ትክክል ነው። ነገር ግን ቤቱን ደግሞ እዩት! ከፍጥረት ሁሉ በላጭ የሆኑት ሰው የዓይናቸው ማረፊያ የሆነውን ልጅ በቀጥቃጭ ሚስት ጡት እንዲያድግ ፈቀዱ። በዚያው ቤት ልጁን አቀፉ። ቡኻሪ እንደዘገቡት ኢብራሂም ነፍሱ ስትወጣም ወደዚያው ወደ አቡ ሰይፍ ዘንድ ገብተው ነው ዓይናቸው ያነባው። የነቢያችን ደስታም ሐዘንም የወናፍ ጭስ ያለበት ቤት ውስጥ ነበር። አንተ ታዲያ ከዚያ ቤት ቡና አልጠጣም የምትለው ከማን በልጠህ ነው?

"ዐይን እውነት አይደለም ወይ?" የሚል ይኖራል። አዎ፣ ዐይን እውነት እንደሆነ ሐዲስ መጥቷል። ግን ዐይን የአንድ ሙያ ወይም የአንድ ዘር ንብረት ነው የሚል አንድም ማስረጃ የለም። ነጋዴም ደረሳም ሊመቀኝ ይችላል። በዘር ላይ ነውር መለጠፍን ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከጃሂሊያ ነገሮች ቆጥረውታል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ከዐይን የሚጠብቅህ ጎረቤትህን መሸሽ አይደለም፤ የጧትና የማታ ዚክርህ ነው። ያ ነው ጥሩርህ።

ኸባብ ኢብኑል አረትንም (ረ.ዐ) አስታውሱ። መካ ውስጥ ብረት ሠሪ ነበሩ። አል-ዓስ ኢብኑ ዋኢል የተባለ የቁረይሽ ትልቅ ሰው ላሠራው ሥራ ገንዘባቸውን አስቀረባቸው። ሊጠይቁት ሲሄዱ በሙሐመድ ካልካድክ አልከፍልህም አላቸው። ኸባብ አልካዱም። ሰውየው ከሞት በኋላ ስነሳ ያኔ ሀብት ይኖረኛል፣ እከፍልሃለሁ ብሎ አላገጠ። ስለዚህ ክስተት በሱረቱ መርየም ውስጥ አያዎች ወረዱ። የአንድ ቀጥቃጭ ያልተከፈለ የሥራ ዋጋ ከሰባት ሰማያት በላይ ተሰማ! የቀን ሠራተኛ ደሞዝ የምትይዝ ወንድሜ፣ ይህን ሱራ ስትቀራ አትፍራም?

*ከጋፋት እስከ መቅደላ*

ደብረ ታቦር የምትኖሩ ጋፋትን ታውቋታላችሁ። ከከተማው ወጣ ብላ ያለች ቦታ ናት። አጼ ቴዎድሮስ ቴዎፊል ዋልድማየርን የመሳሰሉ ከአውሮፓ የመጡ ባለሙያዎችን እዚያ አስፍረው መድፍ አሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ እዚሁ አገራችን ነው የፈሰሰው፤ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። እ.ኤ.አ. ከ1867 መጨረሻ ጀምሮ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወራት የፈጀ መንገድ ተጉዞ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 1868 ንጉሡ እዚያው ሞቱ። መድፉ ዛሬም እዚያ ተራራ ላይ ተቀምጧል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንውሰድ። አንደኛው፣ ንጉሡ የእጅ ሥራን ዋጋ ተረድተዋል። መንገድ ሲሠራ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ እንደነበር ያዩዋቸው ሰዎች ጽፈዋል። ሆኖም አገሩ የራሱን ብረት ሠሪ ለትውልድ እየሰደበና እያሸማቀቀ ቆይቶ፣ ብረት የሚያፈስ እጅ ሲያስፈልገው ከባሕር ማዶ መፈለግ ነበረበት። የናቅኸው ሙያ በቸገረህ ቀን አይገኝም። ሁለተኛው፣ ብረት ብቻውን አያድንም። አላህ ዳውድን ጥሩር ሥራ ካላቸው በኋላ ወዲያው መልካም ሥራ ያዘዛቸው ለዚህ ነው። ዳውድ (ዐ.ሰ) ቀን መዶሻ ይዘው ሌሊት ይቆሙ ነበር። የሌሊቱን ግማሽ ይተኛሉ፣ ሲሶውን ይሰግዳሉ፣ የቀረውን ስድስተኛ ይተኛሉ። አንድ ቀን ይጾማሉ፣ አንድ ቀን ይበላሉ። ሥራው ዒባዳውን አላስተዋቸውም፤ ዒባዳውም ሥራ መፍቻ አልሆናቸውም።

*ለእህቶቼ*

እህቴ ሆይ፣ ይህ ለወንዶች ብቻ እንዳይመስልሽ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከባለቤቶቻቸው መካከል ከሁሉ ቀድማ የምትከተላቸው እጇ ረጅም የሆነችው እንደሆነች ነግረዋቸው ነበር። እጃቸውን ይለካኩ ጀመር። በኋላ ሲታይ ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ሆኑ። በእጃቸው እየሠሩ ሰደቃ ይሰጡ ስለነበር ነው፤ የእጅ ርዝመት ማለት ያ ነበር። አንቺም የምትሰፊው መሶብ፣ የምትጠልፊው ቀሚስ፣ በስልክ የምትሸጪው ኬክ እጅሽን ያስረዝመዋል። "ሥራ የላትም፣ ቤት ናት" ሲሉሽ አትሸማቀቂ።

*ሦስት ነገር ለዚህ ሳምንት*

አንደኛ፦ አፋችንን እናጽዳ። ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ የሚሉት ቃላት በስድብ መልክ ከቤታችን ይውጡ። ታናናሾቻችሁ ሲናገሩ ብትሰሙ በእርጋታ የአቡ ሰይፍን ታሪክ ንገሯቸው። ዕድሉ ያላችሁ ደግሞ ከተማ ወርዳችሁ ብረት ሠሪውን በስሙ ጠርታችሁ ሰላም በሉት። ለትዳር የመጣን ሰው በአባቱ ሙያ አትመልሱ፤ ዲኑንና ጸባዩን ጠይቁ።

ሁለተኛ፦ ተመርቃችሁ ሥራ የምትጠብቁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዲግሪያችሁ አልሞተም። ግን እጃችሁም ይንቃ። ብየዳ፣ አናጺነት፣ ልብስ ስፌት፣ ስልክ ጥገና፣ ጓሮ አትክልት፣ ሐላል የሆነ ሁሉ የነቢያት መንገድ ነው። ገመድ ይዞ ወጥቶ እንጨት ተሸክሞ መሸጥ ሰው ከመለመን እንደሚሻል ነቢያችን ተናግረዋል። በሩ እስኪከፈት አንድ ቀለበት አያይዙ። ነገ ሌላ። ሃያ ሺህ የሚባለው ቁጥር የሚያስፈራው ለሚቆጥረው ነው፤ ለሚያያይዘው ሁልጊዜም የያዛት አንዷ ቀለበት ናት።

ሦስተኛ፦ በእጃችሁ ያለውን አንድ ሥራ ምረጡና በልኩ ሥሩት። የቤት ሥራም ይሁን የሱቅ ሒሳብ፣ ወይም ከፈጅር በኋላ የምትቀሯት አንድ ገጽ። ማንም የማያየውን ሚስማር አጥብቁ።

በመጨረሻም አንድ ጥሩር ላስታውሳችሁ። ዐሊይ (ረ.ዐ) ፋጢማን (ረ.ዐ) ሲያገቡ ሌላ ሀብት አልነበራቸውም፤ መህር አድርገው የሰጡት ጥሩራቸውን ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ ከዚህ ዓለም ሲለዩ ጥሩራቸው መዲና ውስጥ አንድ አይሁዳዊ ዘንድ በ30 ሷዕ ገብስ ተይዞ ነበር። ለቤተሰባቸው ምግብ የወሰዱት ገብስ ነው፤ በእኛ መስፈሪያ ከአንድ ኩንታል የማይበልጥ። ዐረቢያን በእጃቸው ያደረገላቸው ጌታ ግምጃ ቤት መሙላት አቅቶት አልነበረም። የጉና ገብስ ስትቆሉና በሶ ስትበጠብጡ ያን ጥሩር አስቡ። ክብር በሚለበሰው ነገር ቢሆን ኖሮ ጥሩሩ ገብስ ለማምጣት አይወጣም ነበር።

አላህ ሆይ! ለዳውድ ብረቱን እንዳለዘብክ ልባችንን አለዝብልን። ሐላል ሪዝቅ ስጠን፤ በሐላሉ ከሐራም አብቃቃን። የተናቁ እጆችን አክብርልን። አገራችንን ሰላም አድርግልን፤ የወጣውን ለቤቱ አብቃልን። የምንሠራውን የምታይ ጌታ ሆይ፣ ስታየን የምታፍርብን አታድርገን። አሚን።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ሱረቱል ከህፍን አትርሱ፣ በነቢያችን ላይ ሰለዋት አብዙ፣ ከዐስር በኋላ ያለችውን የዱዓ ሰዓት ተጠባበቁ። በዱዓችሁም ብረት የሚቀጠቅጡትን፣ ሸማ የሚሸምኑትን፣ ሸክላ የሚሠሩትን አስታውሷቸው።

ጁሙዓ ሙባረክ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።